የረጅም ጊዜ የፓኬት ቀረጻ ምንድን ነው? ምን ዓይነት ማሽንስ ይፈልጋል?

ኔትወርክ ላይ የሚያልፍ ነገር ሁሉ፣ ኢሜይሉም ቪዲዮውም፣ ፓኬት በሚባሉ ትንንሽ ቁርጥራጮች ተከፋፍሎ ነው የሚሄደው። እነዚህን ፓኬቶች እንዳሉ ኮፒ አድርጎ ማስቀመጥ የፓኬት ቀረጻ ይባላል። ለአምስት ደቂቃ ከሆነ ላፕቶፕና ዋየርሻርክ የሚባለው የመቅረጫ ፕሮግራም ይበቃሉ። ችግር ግን ቀጠሮ ይዞ አይመጣም። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተከስቶ ጠዋት ስንገባ ሁሉም ሰላም ነው። ስለዚህ ሳምንቱንም ወሩንም ሳያቋርጥ የሚቀርጽ ማሽን ያስፈልጋል። ዲስኩ ሲሞላ የቆየውን እየሰረዘ ይቀጥላል፤ ልክ እንደ ሱቅ የጥበቃ ካሜራ።

ማሽን ሲመረጥ ብዙ ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ፕሮሰሰር ነው። እኔ ከዲስክ እጀምራለሁ። 1 ጊጋቢት መስመር ጢም ብሎ ሲሞላ በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሰከንድ 125 ሜጋባይት ነው (ስምንት ቢት አንድ ባይት ነው)። በሰዓት 450 ጊጋባይት፣ በቀን 10.8 ቴራባይት ማለት ነው። ደግነቱ ቀኑን ሙሉ ሞልቶ የሚውል መስመር ጥቂት ነው። አማካዩ 100 ሜጋቢት ከሆነ በቀን 1 ቴራባይት አካባቢ፣ በ30 ቀን ደግሞ ወደ 32 ቴራባይት ይመጣል። የዲስኩን መጠን ይህ አማካይ ይወስናል። ፍጥነቱን ግን የሚወስነው መስመሩ የሚጨናነቅበት ሰዓት ነው።

ይህን የተማርኩት በአንድ የቆየ ዴስክቶፕ ነው። የሌሊት ባክአፕ እየተቋረጠ አስቸግሮን ቀረጻ አስነሳን። ፋይሉን ስንከፍት በርካታ ፓኬቶች የሉም። መስመሩ ይጥላል ብለን ደመደምን። በኋላ ረጋ ብለን ስናየው፣ ተቀባዩ ማሽን ጠፉ ላልናቸው ፓኬቶች “ደርሶኛል” የሚል ምላሽ ልኳል። ፓኬቶቹ ደርሰዋል። የጣላቸው የእኛው መቅረጫ ነው፤ ባክአፑ መስመሩን ሲሞላው ዲስኩ መከተል አቅቶታል። ለቀናት ጥፋቱን የፈለግነው በሌለበት ቦታ ነበር። መቅረጫ ፓኬት ሲጥል የሚያመጣው ጣጣ ይኼ ነው፤ ፋይሉ ጎደሎ ከመሆኑም በላይ የሐሰት ምስክር ይሆናል።

ራም እዚህ ላይ ይረዳል። 8 ጊጋባይት፣ ዲስኩ እስኪጽፋቸው ፓኬቶች ለሚጠብቁበት ቦታ ብቻ ቢመደብ በአንድ አቅጣጫ የሞላ 1 ጊጋቢትን አንድ ደቂቃ ያህል ይሸከማል። ከዚያ በላይ የሚቆይ ጭነት ግን ዲስክ ላይ መውረድ አለበት። በቅደም ተከተል ለመጻፍ ተራው ሃርድ ዲስክ ጎበዝ ነው። እየጻፈ ሳለ ፍለጋ ስትጀምሩበት ግን የሚያነበውና የሚጽፈው የዲስኩ ጭንቅላት ወዲያ ወዲህ ይላል፣ ፍጥነቱም ይወርዳል። ስለዚህ ብዙ ዲስኮችን በሬይድ ማጣመር ይሻላል። ኤስኤምአር የሚባሉትን ዲስኮች አትግዙ። ትራኮቻቸው እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ የተደራረቡ ስለሆኑ በላያቸው ደጋግሞ ሲጻፍ በጣም ይዘገያሉ። ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ክፍል የሌለው ዲስክ) ፈጣን ነው፤ ሆኖም ዕድሜው በሚጻፍበት መጠን ይለካል። 600 ቴራባይት ይችላል የተባለለት ኤስኤስዲ በቀን 1 ቴራባይት ሲጻፍበት ሁለት ዓመት ሳይሞላው ያንን ይጨርሳል።

ፓኬቱ ወደ ማሽኑ የሚገባበት መንገድም ይታሰብበት። ቀላሉ የስዊች ሚረር ፖርት ነው፤ ስዊቹ የሌላ ፖርትን ትራፊክ ኮፒ አድርጎ የሚያወጣበት ፖርት ማለት ነው። ነገር ግን የሚወጣውም የሚገባውም ሲደመር 2 ጊጋቢት ሊደርስ ይችላል፣ ሚረር ፖርቱ ደግሞ 1 ጊጋቢት ብቻ ነው። ትርፉን ስዊቹ ይጥለዋል። መስመሩ መሃል የሚገባው ታፕ የሚባል ኮፒ አውጪ መሣሪያ ሁለቱን አቅጣጫዎች ለየብቻ ስለሚያወጣ እሱን እመርጣለሁ፤ ማሽኑ ሁለት የኔትወርክ ካርድ ፖርት ይኑረው። ራስበሪ ፓይ 3 ቢ ፕላስ በምትባለው ትንሽ ኮምፒውተር ላይ ጊጋቢት ቢጻፍም ካርዱ የሚሄደው በዩኤስቢ 2.0 ነው፤ ከ300 ሜጋቢት አያልፍም።

አብዛኛው ትራፊክ ዛሬ የተመሰጠረ ስለሆነ፣ ከእያንዳንዱ ፓኬት የመጀመሪያዎቹን 128 ባይት ብቻ መያዝ ብዙ ጊዜ ለብልሽት ፍለጋ ይበቃል። ቦታ በእጅጉ ይቆጥባል። ያልተመሰጠረው ውስጥ ግን የሰው የይለፍ ቃልና ደብዳቤ አለ፤ ማሽኑን ማን እንደሚከፍተው ከመጀመሪያው ይወሰን። መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆየውን ዩፒኤስም አትርሱ፣ መብራት የጠፋበት ደቂቃ ብዙ ጊዜ የምትፈልጉት ደቂቃ ነው።

ማሽኑን ከማመናችሁ በፊት የሙከራ ትራፊክ በሚልከው ፕሮግራም በአይፐርፍ መስመሩን ሙሉት። ቢያንስ ለአንድ ሰዓት ያለማቋረጥ ይሂድ፣ መሃል ላይ የቆየ ፋይል እየከፈታችሁ ፈልጉበት። ከዚያ የመቅረጫውን ፕሮግራም ቲሲፒደምፕን ስታቆሙት ከታች ከርነሉ (የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) የጣላቸውን ፓኬቶች ቁጥር ይጽፋል። ዜሮ ካልሆነ ወደ ዲስኩ ተመለሱ።