ኢንፌክሽንና የልብ ሕመም

ስለ ልብ ሕመም ሲወራ ቶሎ የሚነሱት ደም ግፊት፣ ስኳር፣ ኮሌስትሮልና ሲጋራ ናቸው። ኢንፌክሽን ብዙም አይነሳም። ልቡን ለሚያመው ሰው ግን ኢንፍሉዌንዛ እንዲሁ ተኝተው የሚያሳልፉት ነገር አይደለም። በካናዳ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ኢንፍሉዌንዛ በላቦራቶሪ በተረጋገጠ በመጀመሪያዎቹ 7 ቀናት ውስጥ ድንገተኛ የልብ ሕመም የመከሰቱ ዕድል 6 እጥፍ ገደማ ይጨምራል።

ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም። ትኩሳት በ1 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ልብ በደቂቃ 10 ያህል ተጨማሪ ምት ይመታል። በፈጠነ መጠን ብዙ ኦክስጅን ይፈልጋል። ሳንባው ከታመመ ደግሞ ኦክስጅኑ በበቂ መጠን አይደርሰውም። በዚህ ላይ ሰውነት ጀርሙን ሲዋጋ የደም ሥሮች ይቆጣሉ፣ ደምም በቀላሉ ይረጋል። በደም ሥር ግድግዳ ላይ ለዓመታት የተጠራቀመ ስብ ስስ ሽፋን አለው። ሽፋኑ በቁጣው ከተቀደደ ደም እዚያው ላይ ይረጋና መንገዱን ይዘጋል።

አንዳንዴ ጉዳቱ ከራሱ ከሰውነት መከላከያ ይመጣል። የሩማቲክ የልብ ሕመም እንዲህ ነው። አንድ ልጅ ስትሬፕቶኮከስ በሚባል ባክቴሪያ ጉሮሮውን ይታመማል፣ ይሻለዋል፣ ይረሳል። ከ2 ወይም ከ3 ሳምንት በኋላ ትኩሳት ይመጣል። ጉልበቱን ያመዋል፣ እሱ ሲተወው ክርኑን ይይዘዋል። ባክቴሪያውን ለመዋጋት የተነሳው መከላከያ የልብን ቫልቭ፣ ማለትም ደም ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚከፈትና የሚዘጋውን በር፣ ከጠላት ጋር አምታቶታል ማለት ነው። በጣም የሚያሳዝነው፣ ያ የጉሮሮ ሕመም በጊዜው በፔኒሲሊን ቢታከም ኖሮ ነገሩ እዚህ ባልደረሰ ነበር። አንዴ የተያዘ ልጅ በሽታው እንዳይመለስበት በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ ለዓመታት ይወጋል።

ቫልቩ የተጎዳ ወይም ሰው ሠራሽ ቫልቭ የተገጠመለት ሰው አፉንም መጠበቅ አለበት። ከሚደማ ድድ ወደ ደም የገባ ባክቴሪያ ቫልቩ ላይ ሊሰፍር ይችላል። ሰው ሠራሽ ቫልቭ ያለው ሰው ጥርስ ከመነቀሉ በፊት አንቲባዮቲክ የሚታዘዝለትም ለዚህ ነው።

ታዲያ የልብ ታማሚ ሁሉ አንቲባዮቲክ ቢወስድስ? ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ2005 ውጤታቸው የታተመ ሁለት ትልልቅ ጥናቶች ምንም ጥቅም አላገኙበትም። መቆጣቱን በመድኃኒት ማብረድስ? እ.ኤ.አ. በ2017 ካናኪኑማብ የተባለ መድኃኒት ኮሌስትሮልን ሳይነካ የልብ ሕመም እንዳይደገም ረድቷል። ግን በኢንፌክሽን የሚሞቱት ሰዎች በዙ። የሰውነትን መከላከያ ማዳከም ዋጋ ያስከፍላል።

«በሽታ የመከላከል አቅምን ይገነባል» እየተባለ በሚሸጥ እንክብል ላይ የብዙ ታማሚ ገንዘብ ማለቁ ያሳስበኛል። ከ25,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ቫይታሚን ዲ የልብ ሕመምን እንደማይቀንስ አሳይቷል። አንዳንዱ ደግሞ ይጎዳል፦ ቫይታሚን ኬ ያለበት እንክብል ዋርፋሪን የተባለውን የደም ማቅጠኛ ሥራ ያዳክማል።

መከላከያን በእውነት የሚያግዘው ክትባት ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 በታተመ ጥናት፣ ድንገተኛ የልብ ሕመም ከገጠማቸው በኋላ ወዲያው የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ከተሰጣቸው ሰዎች በአንድ ዓመት ውስጥ የሞቱት 2.9 በመቶ ናቸው። ካልተሰጣቸው ግን 4.9 በመቶ ሞተዋል። የሳንባ ምች ክትባትም ለልብ ታማሚዎች ይመከራል።

ጉንፋን ሲይዝም መድኃኒት መምረጥ ያስፈልጋል። አይቡፕሮፌን ሰውነት ውሃ እንዲቋጥር ያደርጋል፣ የልብ ድካም ላለበት አይሆንም፤ ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል ይሻላል። አፍንጫ የሚከፍቱ አንዳንድ እንክብሎችም ግፊት ይጨምራሉ። የልብ ድካም ያለበት ሰው በሕመሙ ሰሞን ጠዋት ጠዋት ይመዘን። ክብደቱ በ3 ቀን ከ2 ኪሎ በላይ ከጨመረ፣ ወይም ትራስ ደራርቦ ካልሆነ መተንፈስ ካቃተው፣ ጉንፋኑ እስኪያልፍ ሳይጠብቅ ሐኪም ጋ ይሂድ።