«በማጥመድ ላይ ያለ ጀልባ» ማለት ምን ማለት ነው?

ብዙ ሰው የዓሣ ጀልባ ባሕር ላይ ሁሌም ቅድሚያ ያለው ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም። ቅድሚያውን የሚያመጣው ጀልባው ሳይሆን ውሃ ውስጥ ያለው መረብ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣውና ከ1977 ጀምሮ ሥራ ላይ ያለው ዓለም አቀፉ የመርከብ ግጭት መከላከያ ደንብ ነገሩን ቁልጭ አድርጎ አስቀምጦታል። «በማጥመድ ላይ» የሚባለው መረብ፣ መንጠቆ ያለው ረጅም ገመድ ወይም ሌላ እንደ ልብ የማያዟዙር መሣሪያ የዘረጋ ጀልባ ነው። ዓሣውን ጭኖ ወደ ወደብ የሚመለሰው ግን እንደ ማንኛውም የሞተር ጀልባ ነው የሚታየው። እየሄደ ከኋላው ቀጫጭን ክር የሚስበውም ያው ነው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። መረብ የሚጎትት ጀልባ ከኋላ ሲታይ ሁለት የብረት ገመዶች ግትር ብለው ተወጥረው ወደ ውሃው ይገባሉ፣ ሌላው ሁሉ ታች ነው፣ አይታይም፤ ካፒቴኑ ደንግጦ መሪውን ቢጠመዝዝ ወይ መረቡ ይጠላለፋል ወይ ጀልባው ራሱ አደጋ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ባለሞተሩም ባለሸራውም ይሸሹለታል። አዎ፣ ባለሸራውም! አጥማጁ ጀልባ ደግሞ በተራው መቆጣጠሪያው ከተበላሸበት ወይም በሥራው ምክንያት መዞር ከማይችል መርከብ በተቻለው መጠን ይርቃል።

በምን ይታወቃል? ቀን ላይ ጫፍ ለጫፍ የተገናኙ ሁለት ጥቁር ሾጣጣዎች ይሰቅላል። ማታ መረብ የሚጎትት ከሆነ ከላይ አረንጓዴ ከታች ነጭ መብራት፣ በሌላ መንገድ የሚያጠምድ ከሆነ ከላይ ቀይ ከታች ነጭ።

ቅድሚያ አለው ማለት ግን እንዳሻው ይሆናል ማለት አይደለም። በጠባብ መተላለፊያ ውስጥ የሚያልፉትን ማደናቀፍ አይችልም፣ ለመርከቦች በተከለለ መስመር ላይም እንዲሁ። ሌላውን ቀድሞ ሊያልፍ ከሆነ ራሱ ነው የሚርቀው። ቅድሚያው የእሱ ሲሆንም አቅጣጫውንና ፍጥነቱን ሳይቀይር መሄድ አለበት፣ ምክንያቱም ሌላው የሚሸሸው ይህን አስልቶ ነው። ያኛው ዝም ብሎ ከመጣበትና ግጭቱን በዚያኛው መሸሽ ብቻ ማስቀረት የማይቻል ከሆነ ደግሞ አጥማጁ ራሱም የግድ እርምጃ ይወስዳል።

እኔን የሚያናድደኝ መረቡን አውጥተው ምልክቱን ሳያወርዱ የሚሄዱት ናቸው። ደንቡ ይከለክላል። ትልቁ መርከብ በከንቱ ዞሮላቸው ይሄዳል፣ በሚቀጥለው ሌሊት እውነተኛውን አረንጓዴና ነጭ ሲያይ ግን «ይሄም ረስቶት ይሆናል» ይላል፤ ያኔ መረቡ ውሃ ውስጥ ነው።