ፋይሉ 10 ቢት ይላል፤ ቀለሙስ? ስለ ቢት ዴፕዝ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሱሉልታ ሜዳ ላይ አመሻሽ የተቀረጸ የሠርግ ቪዲዮ ለገጣፎ ላይ በፕሪሚየር ይቆረጥና ለከለር (ለግሬዲንግ፣ ማለትም ለቀለም ማስተካከያ) ደግሞ ጀሞ፣ በዳቪንቺ ሪዞልቭ ወደሚሠራ ባለሙያ በሃርድ ዲስክ ይሄዳል። ሲመለስ ሙሽሮቹ አምረዋል፤ ከጀርባቸው ያለው ሰማይ ግን እንደ ቀሚስ ጥለት በመስመር በመስመር ተከፋፍሏል። የካሜራው ቢት ዴፕዝ፣ ማለትም የእያንዳንዱን ቀለም የደረጃ ብዛት የሚወስነው መለኪያ፣ 10 ቢት ነበር፤ ቀለሙ የቀረው መንገድ ላይ ነው። ከፕሮግራም ወደ ፕሮግራም ሲሻገር የሚያስቀሩት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እነዚህ እምነቶች ናቸው።

«በፕሮሬስ ካወጣሁት 10 ቢት ነው»

ብዙ ሥራ የሚያበላሸው ይሄኛው ነው። ፕሮሬስ የአፕል ኮዴክ (ቪዲዮ የሚጨመቅበት አሠራር) ነው፤ የ422 ዓይነቶቹ በሙሉ 10 ቢት መያዛቸው እውነት ነው። ነገር ግን ምስሉ ኮዴኩ ጋ ከመድረሱ በፊት ወደ 8 ቢት ወርዶ ከሆነ ፋይሉ የሚይዘው ያንኑ የወረደውን ነው። የፋይል መረጃ በሚያሳየው ሚዲያኢንፎ ከፍታችሁ ብታዩ «ቢት ዴፕዝ 10» ይላችኋል፤ በእያንዳንዱ ቻናል ያለው ደረጃ ግን ከ1024 ወደ 256 ወርዷል፣ ተመልሶም አይመጣም።

የሚወርድባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው። አፍተር ኢፌክትስ አዲስ ፕሮጀክት ሲከፍት፣ ካልቀየራችሁት፣ በ8 ቢት ነው የሚሠራው። ፕሮጀክት ፓነሉ ግርጌ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አልት (በማክ ኦፕሽን) ይዛችሁ ስትነኩት ወደ 16፣ ከዚያም ወደ 32 ይሄዳል። ያም ብቻውን አይበቃም፦ አውትፑት ሞጁል ውስጥ ዴፕዝ የሚለው «ሚሊየንስ ኦፍ ከለርስ» ላይ ከቆመ የሚወጣው 8 ቢት ነው። «ትሪሊየንስ» መሆን አለበት።

ፕሪሚየር ላይ ደግሞ ሁለት ሳጥኖች ይምታታሉ። «ማክሲመም ሬንደር ኳሊቲ» የሚመለከተው ምስል ሲያንስና ሲተልቅ ያለውን ጥራት ነው፤ ለቢት ዴፕዝ የሚያስፈልገው «ሬንደር አት ማክሲመም ዴፕዝ» ነው። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ብቻ ምልክት አድርጎ ያልፋል። «ዩዝ ፕሪቪውስ» ደግሞ ጊዜ ይቆጥባል፣ ግን የሲኩዌንሱ ፕሪቪው ፋይል 8 ቢት ኮዴክ ላይ ከተቀመጠ ኤክስፖርቱ ከዚያው ፋይል ይቀዳል። ለከለር በሚሄድ ሥራ ላይ አጥፉት። በመጨረሻ ኢፌክቶቹን እዩ፦ የ«32» ምልክት የሌለው አንድ አሮጌ ኢፌክት ያረፈበት ክሊፕ ወደ 8 ቢት ይወርዳል።

«ዲኤንኤክስኤችአር ኤችኪው ጥሩ ነው፣ ስሙ ራሱ ይናገራል»

ዲኤንኤክስኤችአር የአቪድ ኮዴክ ነው፤ ስሙ ግን ያታልላል። ኤልቢ፣ ኤስኪው እና ኤችኪው ሦስቱም 8 ቢት ናቸው። 10 ወይም 12 ቢት የሚይዙት ኤችኪውኤክስ እና 444 ናቸው። የአንዲት «ኤክስ» ጉዳይ ነው፣ ግን ሰማዩን የሚያበላሸው የእሷ መቅረት ነው።

«ኤክስኤምኤል ብልክ ጥራቱ ይቀንሳል፣ አንድ ፋይል አድርጌ ባወጣው ይሻላል»

የተገላቢጦሽ ነው። ኤክስኤምኤል ውስጥ አንድም ምስል የለም፤ የትኛው ክሊፕ ከየት እስከ የት እንደተቆረጠ የሚናገር ጽሑፍ ብቻ ነው። ስለዚህ የካሜራው ዋና ፋይል ሳይነካ፣ እንዳለ ጀሞ ይደርሳል። ቢት ዴፕዝ ለመጠበቅ ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም።

አካሄዱ፦ ሲኩዌንሱን ኮፒ አድርጉና ቅጂው ላይ ሥሩ። የማያስፈልጉ ትራኮችን አጥፉ፣ መልቲካም (የብዙ ካሜራ ጥምር ክሊፕ) ካለ ፍላተን አድርጉ፣ ማለትም ወደ ተራ ክሊፕ መልሱት። ጽሑፍ፣ ስቴብላይዜሽን እና ሉሜትሪ (የፕሪሚየር የቀለም ማስተካከያ) ሪዞልቭ ላይ እንዳለ ይደርሳል ብላችሁ አትጠብቁ። ከዚያ ከፋይል ሜኑ «ፋይናል ከት ፕሮ ኤክስኤምኤል» ብላችሁ ኤክስፖርት አድርጉ። የካሜራውን ፎልደር የፋይል ስም ሳትቀይሩ ዲስኩ ላይ ገልብጡ፤ ለማመሳከሪያ ደግሞ ትንሽ ኤች 264 ቪዲዮ ጨምሩ። ሪዞልቭ ላይ ከ«ኢምፖርት ታይምላይን» ሲገባ ክሊፖቹ ከዋናው ፎልደር ጋር መገናኘታቸውን አረጋግጡ። ፕሮክሲ (ለመቁረጥ ብቻ የተሠሩ ቀላል ቅጂዎች) ፎልደሩን ዲስኩ ላይ ባታስቀምጡ እመክራለሁ፤ በተመሳሳይ ስም ከተገኘ ሶፍትዌሩ እሱን ሊይዝ ይችላል፣ እስከ መጨረሻ ኤክስፖርት ድረስም ማንም ላያየው ይችላል።

«ቢትሬቱ 100 ሜጋ ቢት ነው፣ ይበቃል»

ቢትሬት (በሰከንድ የሚያልፈው የዳታ መጠን) ሌላ፣ ቢት ዴፕዝ ሌላ። 8 ቢት ኤች 264 በ100 ሜጋ ቢትም በ200ም 8 ቢት ነው። 4፡2፡2ም እንደዚሁ፦ እሱ የሚነግረን ስለ ቀለም ናሙና ብዛት ነው፤ 4፡2፡2 ሆኖ 8 ቢት የሆነ ፋይል ሞልቷል።

«8 ቢት የተቀረጸን ወደ 10 ቢት መቀየር ያስተካክላል» / «ምንም ጥቅም የለውም»

ሁለቱም ልክ አይደሉም። ያልተቀረጸ ደረጃ አይፈጠርም፤ በ8 ቢት ሎግ (ለከለር ተብሎ ኮንትራስቱ ዝቅ ተደርጎ) የተቀረጸ ሰማይ መስመሩ ካሜራው ውስጥ ነው የተሠራው። ነገር ግን ከከለር በኋላ የሚወጣውን በ10 ቢት ማስቀመጥ ተጨማሪ ጉዳት ይከላከላል፤ ግሬዲንጉ የፈጠራቸው አዳዲስ መካከለኛ ደረጃዎች እንደገና ወደ 256 አይጨመቁም። ለእንዲህ ዓይነት ምንጭ ፕሮሬስ 422 ኤችኪው መምረጥ ቦታ ማባከን ነው። በ1080፣ 25 ፍሬም፣ ፕሮሬስ 422 ኤችኪው በሰዓት 83 ጊጋ ባይት ገደማ ይወስዳል፣ ተራው 422 ደግሞ 55። በአልትራ ኤችዲ ኤችኪው ወደ 332 ይደርሳል።

«ጥቁሩ ግራጫ ሆነ፣ ቢቱ ጠፍቷል»

ይሄ የሌቭል፣ ማለትም ጥቁርና ነጭ የሚቀመጡበት ቁጥር፣ ጉዳይ ነው። በ8 ቢት ቪዲዮ ጥቁር 16 ነጭ 235 ላይ ነው፣ በ10 ቢት 64 እና 940 ላይ። አንዱ ፕሮግራም ፉል (ሙሉውን ቁጥር የሚጠቀም)፣ ሌላው ቪዲዮ ብሎ ካነበበው ምስሉ ይገረጣል ወይም ጥቁሩ ይደፈናል። ሪዞልቭ ላይ ክሊፕ አትሪቢውትስ ውስጥ ዳታ ሌቭልስን ቀይሩ፤ የጠፋ ነገር የለም።

«በቴሌግራም ብልከውስ?»

እንደ ቪዲዮ ከተላከ ይጨመቃል፣ አለቀ። እንደ ፋይል ከተላከ ሳይነካ ይደርሳል፤ ፕሪሚየም ላልሆነ አካውንት ግን ለአንድ ፋይል 2 ጊጋ ባይት ገደብ አለው።

«ስክሪኔ ላይ መስመር ካየሁ ፋይሉ ተበላሽቷል»

ላይሆን ይችላል፤ አብዛኛው የላፕቶፕ ስክሪን ራሱ 8 ቢት ነው፣ ርካሹ ደግሞ ከዚያም ያነሰ። በዓይን ከመፍረድ መለካት ይሻላል። ሪዞልቭ ላይ 1920 ፒክስል ስፋት ያለው፣ ከ40 ከመቶ ግራጫ ወደ 60 ከመቶ ግራጫ የሚሄድ ግራዲየንት ሥሩ፤ በዲኤንኤክስኤችአር ኤችኪውኤክስ 10 ቢት አውጡት። ፕሪሚየር ላይ አስገቡና ለደንበኛ ሥራ በምትጠቀሙበት ሴቲንግ ኤክስፖርት አድርጋችሁ ወደ ሪዞልቭ መልሱት። ከመጀመሪያው ጎን አስቀምጡ፣ ሁለቱም ላይ እኩል ኮንትራስት ጨምሩ፣ ዌቭፎርሙን (የብርሃን ደረጃን የሚያሳየውን ግራፍ) ተመልከቱ። 10 ቢቱ ከተጠበቀ 175 ያህል ደረጃ አለው፣ እያንዳንዱ 11 ፒክስል ገደማ ስለሆነ መስመሩ ለስላሳ ይመስላል። 8 ቢት ከሆነ ደረጃዎቹ 44 ያህል ብቻ ናቸው፣ እያንዳንዳቸውም 44 ፒክስል ገደማ ስለሚሰፉ ዌቭፎርሙ ቁልጭ ያለ የደረጃ ቅርጽ ይዞ ይታያል። ያኔ ሳጥኖቹን አንድ በአንድ እየቀየራችሁ ድገሙት፤ የትኛው ላይ እንደሚወርድ ራሱ ያሳያችኋል።