በዝናብ ጃኬት ላይ የተጻፈው «10 ሺህ» ምንድን ነው?

ክረምት በመጣ ቁጥር ይሄ ነገር ይነሳል። ብስክሌት የሚነዳ ሰው፣ ታጥፎ ኪስ ውስጥ የሚገባ የዝናብ ጃኬት የትኛው ይሻላል ብሎ ይጠይቃል። አንዱ ቀበል አድርጎ «20 ሺህ የሚለውን ግዛ» ይለዋል። ዘንድሮ ደግሞ የባሰ አየሁ። አስተያየት ሰጪው እንደሚለው፣ 10 ሺህ ማለት 10 ሺህ ሚሊ ሜትር ዝናብ ነው። አዲስ አበባ በዓመት 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሚዘንብ፣ ጃኬቱ ስምንት ክረምት ይችላል ብሎ አስልቶታል። ብዙ ሰውም አመስግኖታል። ሰው በዚህ ቁጥር ተማምኖ ብዙ ብር ያወጣል። ሥራዬ ጨርቅ መፈተሽ ስለሆነ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ቁጥሩ የሚለካው ግፊት ነው። ከጨርቁ ላይ 100 ካሬ ሴንቲ ሜትር ቦታ ማሽኑ ላይ ጥብቅ ተደርጎ ይያዛል። ከአንድ ወገን ውሃ ይገፋዋል፤ ግፊቱ እኩል በሆነ ፍጥነት እየጨመረ ይሄዳል። እኛ በሌላው ወገን አፍጥጠን እናያለን። ጨርቁ መጀመሪያ ይወጠርና ይነፋል። ከዚያ አንድ ቦታ ላይ የመርፌ ጫፍ የምታህል ጠብታ ብልጭ ትላለች። ቆይታ ሁለተኛዋ ትከተላለች። ሦስተኛዋ ስትወጣ የደረሰበትን ግፊት እንመዘግባለን። ግፊቱ በውሃ ቁመት ስለሚገለጽ ነው ሚሊ ሜትር የሚባለው። 10 ሺህ ያለው ጨርቅ፣ 10 ሜትር ቁመት ያለው ውሃ የሚጭነውን ያህል ችሏል ማለት ነው። በዚህ ስሌት ውስጥ ዓመትም ክረምትም የለም።

የተፈተሸው ደግሞ ጨርቁ ነው፤ ጃኬቱ አይደለም። ያልታጠፈ፣ ያልተሰፋ፣ ብዙ ጊዜም ገና ያልታጠበ ቁራጭ ነው። መርፌ ያለፈበት ቦታ ሁሉ ቀዳዳ አለው። ያንን ቀዳዳ የሚዘጋው ከውስጥ በኩል ስፌቱ ላይ የተለጠፈው ቴፕ ነው። ቴፕ የሌለው የ20 ሺህ ጃኬት፣ በደንብ ቴፕ ከተደረገበት የ8 ሺህ ጃኬት ቀድሞ ያስገባል። ታጉ ላይ ግን ስለ ቴፕ የተጻፈውን የሚያነብ ሰው ጥቂት ነው።

ቁጥሩ ሲያድግስ? የካምፒንግ ድንኳን ጣሪያ ከ1,500 እስከ 3,000 ይዞ ሌሊቱን ሙሉ ዝናብ ይችላል። ብስክሌተኛ ከዚያ የበለጠ ያስፈልገዋል፤ ቁልቁለት ላይ ዝናቡ በፍጥነት ይመታዋል፣ የጀርባ ቦርሳ ማንገቻም እርጥብ ጨርቅን ትከሻ ላይ ይጫነዋል። 10 ሺህ ለዚህ ይበቃል ባይ ነኝ። ቦርሳ የሚያዘወትር 15 ሺህ ይፈልግ። ከዚያ በላይ የምትከፍሉትን ገንዘብ ለሌላ ነገር ብታውሉት ይሻላል።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። «የ20 ሺህ ጃኬት ገዛሁ፣ አስገባብኝ፣ ፌክ ነው» የሚለው ቅሬታ። አንዳንዴ እውነትም ፌክ ይሆናል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ያ ውሃ ላብ ነው።

ሰው ብስክሌት ሲነዳ ጡንቻው ከሚያቃጥለው ጉልበት ፔዳሉ ጋ የሚደርሰው ሩቡ ቢሆን ነው። ቀሪው ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ በ200 ዋት ጉልበት የሚወጣ ሰው፣ ከ600 እስከ 800 ዋት ሙቀት ይለቃል። እንዲህ ሲሆን በሰዓት አንድ ሊትር ማላብ ብርቅ አይደለም። ይሄ ሁሉ የት ይሂድ?

የሣር ክዳን ጎጆ አስቡ። ምድጃው መሐል ላይ ይነዳል፣ ውጭ ይዘንባል። ዝናቡ በሣሩ ላይ ተንሸራቶ ይወርዳል፤ ጭሱ በዚያው ሣር መሐል ሾልኮ ይወጣል። ጥሩ ጃኬትም ጠብታውን ከልክሎ እንፋሎቱን ያሳልፋል። ጎጆውን ቆርቆሮ ብታለብሱት ዝናብ የሚባል አይገባም፣ ጭሱ ግን ያፍናችኋል። የፕላስቲክ ዝናብ ልብስ ይሄ ነው። ሣሩም ቢሆን የሚያሳልፈው ጭስ ልክ አለው። ምድጃው ላይ እንጨት ከምራችሁ ስታበቁ ክዳኑን አትውቀሱ፤ በሩን ክፈቱ። የጃኬት በር ዚፑ ነው። ብብት ስር ዚፕ ካለው መስኮትም አለው ማለት ነው። ጭሱን ወደ ውጭ የሚገፋው የምድጃው ሙቀት እንደሆነ ሁሉ፣ እንፋሎቱንም የሚገፋው በውስጥና በውጭ ያለው የሙቀትና የእርጥበት ልዩነት ነው። ስለዚህ ያው ጃኬት የአዲስ አበባን ቀዝቃዛ የሐምሌ ዝናብ ደህና ችሎ፣ ዋሽንግተን ዲሲ በሐምሌ ሙቀት ሲዘንብበት እንፋሎቱን ማውጣት ያቅተዋል። ሣሩ አርጅቶ ውሃ መቋጠር ሲጀምርስ? ጭሱ መውጫ ያጣል። እዚህች ላይ ቆይቼ እመለሳለሁ።

ታጉ ላይ ሁለተኛ ቁጥር አለ፤ እኔ ቀድሜ የማየው እሱን ነው። «10 ሺህ ግራም» ከሆነ፣ አንድ ካሬ ሜትር ጨርቅ በ24 ሰዓት 10 ሊትር ያህል ውሃ በእንፋሎት መልክ ያሳልፋል ማለት ነው። ለ24 ሲካፈል በሰዓት 400 ግራም ገደማ ይመጣል። ከዚያ አንድ ሊትር ላብ ጋር አስተያዩት። ላቡ ሁሉ ጃኬቱ ስር አይደለም፣ የጃኬቱም ጨርቅ ከአንድ ካሬ ሜትር ይበልጣል። ቢሆንም ዳገት ላይ አይበቃም። ቦርሳ ያረፈበት ጀርባ ደግሞ ጨርሶ አያሳልፍም።

ይሄም ቁጥር ጣጣ አለበት። አንዱ ላብራቶሪ ውሃ የያዘ ኩባያ አፉን በጨርቁ ሸፍኖ፣ ቀጥ አድርጎ አቁሞ ይለካል። ሌላው ፖታሲየም አሲቴት የሚባል እርጥበት መጣጭ ኩባያ ውስጥ ጨምሮ ይገለብጠዋል። ሁለተኛው መንገድ ለዚያው ጨርቅ በጣም ትልቅ ቁጥር ሊሰጥ ይችላል። የፍተሻው ዓይነት ካልተጻፈ ሁለት ጃኬቶችን በቁጥር አታወዳድሩ። «አርኢቲ» (RET) የሚል፣ ጨርቁ እንፋሎትን ምን ያህል እንደሚያግድ የሚናገር መለኪያ ካገኛችሁ እሱ ይሻላል። እዚያ ትንሹ ቁጥር ነው ጥሩው፤ ከ6 በታች በጣም ያስተነፍሳል፣ ከ20 በላይ አፋኝ ነው።

ወደ አረጀው ሣር ልመለስ። የጃኬቱ ላይኛ ጨርቅ ውሃ የሚገፋ ቅብ አለው። ጠብታ ድቡልቡል ብሎ የሚንከባለለው በእሱ ነው። ቅቡ ሲያልቅ ወይም ሲቆሽሽ፣ በተለይ ትከሻና ክንድ ላይ ጨርቁ ውሃውን ጠጥቶ ይጠቁራል። ከስሩ ያለው ስስ ሽፋን አሁንም ውሃ አያስገባም። እንፋሎቱ ግን መውጫ አጥቶ ውስጥ ይቀዘቅዝና ውሃ ይሆናል። ባለቤቱ «አስገባ» ብሎ ይጥለዋል። መታጠብ ብቻ የሚያስፈልገው ጃኬት በዚህ ሰበብ ቆሻሻ ላይ ይወድቃል፤ እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

በትንሽ ሳሙና እጠቡትና ደጋግማችሁ አለቅልቁት። ማለስለሻና በረኪና አይንኩት። መለያው ላይ መተኮስ ይፈቀዳል ከተባለ፣ ስስ ጨርቅ ደርባችሁ በዝቅተኛ ሙቀት ካውያ አሳልፉበት፤ ቅቡ ብዙ ጊዜ ይነቃል። ፍሎሪን ያለባቸው የድሮ ቅቦች በአካባቢ ብክለት ምክንያት እየቀሩ ነው። ካሊፎርኒያ ከ2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአብዛኛው ልብስ ላይ ከልክላቸዋለች። አዲሶቹ ዘይትና ላብ ቶሎ ስለሚያሸንፋቸው ቶሎ ቶሎ መታጠብ ይፈልጋሉ። ጎር-ቴክስ ሼክድራይ የሚባለው፣ ስስ ሽፋኑን እላይ በማድረግ ከዚህ ቅብ የተገላገለው ጨርቅ፣ የብስክሌተኞች ዓይን ማረፊያ ነበር። እሱም ከገበያ ወጥቷል። በሰው እጅ ያለ ብታገኙ፣ ቦርሳ ፈግፍጎት እንደሆነ ትከሻውን እዩ።

ላብ ይሁን ዝናብ ለመለየት ሶፍት ይበቃል። ጃኬቱን ገልብጣችሁ ውስጡን አድርቁና መልሱት። የጠረጠራችሁትን ቦታ እንደ ጎድጓዳ ይዛችሁ ከውጭው በኩል አንድ ሲኒ ውሃ አፍስሱበት፣ ከስሩ ሶፍት አንጥፉ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ሶፍቱ ደረቅ ከሆነ ያ ቦታ አላስገባም። ስፌቱን ተከትሎ ከረጠበ ቴፑ ለቋል።

ታጥፎ የማልያ ኪስ የሚገባ ጃኬት ለመቅለል ሲል ገበር የለውም። ባዶ ክንድ ላይ ይለጠፋል፤ ያ መለጠፍም «አስገባ» ያሰኛል። ከስሩ ስስ እጅጌ ያለው ልብስ ልበሱ። ስትለኩ ቆማችሁ አትለኩ። እጃችሁን መሪ እንደያዘ ሰው ዘርጉና ጎንበስ በሉ። አንጓችሁ ከተራቆተ ወይም ወገባችሁ ከታየ አይሆንም። ፓራፋንጎ የሌለው ብስክሌት ከስር የሚረጨውን ደግሞ የትኛውም ጃኬት አያድናችሁም። ለእንጦጦ ዓይነት መንገድ እኔ የምመክረው፣ ካፊያ ከሆነ ዳገቱን ያለ ጃኬት ወጥቶ አናት ላይ መልበስ ነው። ቁልቁለት ላይ ምድጃው ይጠፋል፣ ነፋሱ ግን አለ።

ሰልባጅ ተራ የምትገዙ ከሆነ ታጉን ተዉትና ጃኬቱን ገልብጡ። የስፌቱን ቴፕ በጥፍራችሁ ፈተግ አድርጉ፣ ከተነሳ ተዉት። የውስጡን ሽፋን በአውራ ጣት እሹት። ነጭ ቅርፊት እየሆነ ከረገፈ ያረጀ ወይም እርጥብ እንደታጠፈ የከረመ ነው፤ እሱን ማጠብም መተኮስም አይመልሰውም።