የአካል ብቃት ፈተና ምንድን ነው? ለሰሜን ሸዋ ተማሪስ ምን ይፈይዳል?

የአካል ብቃት ፈተና ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው የሩጫ ውድድር ነው። መምህሩ ፊሽካ ይነፋል፣ ልጆቹ ይሮጣሉ፣ ለፈጣኑ ይጨበጨባል፣ ኋላ የቀረው አንገቱን ደፍቶ ይመጣል። ፈተናው ግን ይህ አይደለም። የአካል ብቃት ፈተና ማለት የአንድ ልጅ ልብ፣ ሳንባ፣ ጡንቻና መገጣጠሚያ ዛሬ በምን ደረጃ ላይ እንዳሉ በቀላል እንቅስቃሴ መለካት ነው። ጤና ጣቢያ ሄደን ሚዛን ላይ እንደምንወጣው ማለት ነው። ሚዛን ላይ የቆመ ሰው አንደኛ ወይም መጨረሻ አይባልም። ቁጥሩ ይመዘገባል፣ ከስድስት ወር በኋላ ደግሞ ከራሱ ቁጥር ጋር ይተያያል።

ወላጆች ዘንድ አንድ የተለመደ አባባል አለ፦ «የኛ ልጅ እኮ ውኃ ሲቀዳ፣ ከብት ሲያግድ፣ ትምህርት ቤት በእግሩ ሲመላለስ ነው የሚውለው። ስፖርት ደግሞ ምን ያደርግለታል?» ግማሹ እውነት ነው። መንዝ ውስጥ ዳገት ወጥቶ ቁልቁለት ወርዶ ክፍል የሚገባ ልጅ ልቡም ሳንባውም ሲሠሩ ያድጋሉ። ደብረ ብርሃን ከተማ ውስጥ ደግሞ በባጃጅ ተሳፍሮ የሚሄድ፣ ማታ ስልክ ላይ ተደፍቶ የሚያመሽ ልጅ አለ። ሁለቱም የሰሜን ሸዋ ልጆች ናቸው። ሁለቱን በአንድ ዓይን ማየት አይቻልም። ዳገት የሚወጣው ልጅም ቢሆን እግሩ ጠንክሮ ክንዱና ወገቡ ላይጠነክሩ ይችላሉ። ይህን በግምት አናውቀውም፣ ስንለካ ነው የምናውቀው።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ትንፋሽ የሚያስወጣ እንቅስቃሴ ይመክራል። ከዚህ ውስጥ በሳምንት ቢያንስ 3 ቀን ጡንቻና አጥንት የሚያጠነክር መሆን አለበት ይላል። ፈተናው ልጁ ይህን እያገኘ መሆን አለመሆኑን በሰውነቱ ላይ ያሳያል።

የሚለካው ነገር ብዙ አይደለም። የልብና የሳንባ ብርታት በሩጫ ይለካል። የክንድና የትከሻ ጉልበት በፑሽ አፕ፣ የሆድ ጡንቻ በሲት አፕ፣ የእግር ጉልበት ደግሞ ባሉበት ቆሞ ወደፊት በመዝለል ይታያል። ለመተጣጠፍ ችሎታ ልጁ እግሩን ዘርግቶ ይቀመጥና ጉልበቱን ሳያጥፍ በእጁ ወደ እግሩ ጣቶች ይዘረጋል። በመጨረሻ ቁመትና ክብደት ይወሰዳል። ለዚህ ሁሉ ሜትር፣ ሰዓት፣ ፊሽካና ሜዳ ይበቃል። መሣሪያ የለንም የሚለው ምክንያት እዚህ ላይ ብዙም አያስኬድም።

ከሁሉም የምወደው የ20 ሜትር ምልልስ ሩጫውን ነው። ብዙዎች «ቢፕ ቴስት» ይሉታል። ሉክ ሌዤ የተባለ የሞንትሪያል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ያዘጋጀው ነው። ሜዳው ላይ በ20 ሜትር ርቀት ሁለት መስመር ይሰመራል። ኖራ ከሌለ አመድ ይሆናል። ድምፁ ከስልክ ይወጣል፣ በትንሽ ስፒከር ይጎላል። ልጆቹ አንዱ መስመር ላይ ይደረደራሉ። «ቢፕ» ሲል ይነሳሉ፣ ቀጣዩ «ቢፕ» ሳይቀድማቸው ሌላኛውን መስመር መርገጥ አለባቸው። የመነሻው ፍጥነት በሰዓት 8.5 ኪሎ ሜትር ነው። 20 ሜትሩን ለመጨረስ ስምንት ሰከንድ ተኩል ገደማ አላቸው። በየደቂቃው ፍጥነቱ በሰዓት በግማሽ ኪሎ ሜትር ይጨምራል፣ እያንዳንዱ ጭማሪ አንድ ደረጃ ይባላል። ስድስተኛው ደቂቃ ላይ ያቺ ስምንት ሰከንድ ተኩል ወደ ስድስት ተኩል ትወርዳለች።

ሜዳ ላይ ቆሞ ላየው ደስ ይላል። መጀመሪያ ላይ ልጆቹ እየተሳሳቁ፣ እያወሩ ነው የሚመላለሱት። ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ወሬው ይቆማል። ከዚያ የጫማ ኮቴና የትንፋሽ ድምፅ ብቻ ይሰማል። ሹራቡን እየሮጠ አውልቆ የሚጥል አለ። መዞሪያው ላይ አሳጥራ የምትዞር ብልህ ልጅ አለች፣ ከፈጣኖቹ ይልቅ እሷ ትቆያለች። ሁለት ጊዜ ተከታትሎ መስመሩ ጋ ሳይደርስ ድምፁ የቀደመው ልጅ ይወጣል፣ የደረሰበት ደረጃ ይጻፍለታል። ስድሳ ተማሪ ያለበት ክፍል ቢሆን እንኳ በአሥራ አምስት በአሥራ አምስት ከፍሎ፣ የሚሮጠውን የሚቆጥር ጓደኛ መድቦ በአንድ ክፍለ ጊዜ ማለቅ ይችላል።

ሌላው የታወቀው የኩፐር ፈተና ነው። የአሜሪካ አየር ኃይል ሐኪም የነበረው ኬኔት ኩፐር እ.ኤ.አ. በ1968 አወጣው። ልጁ 12 ደቂቃ ይሮጣል ወይም ይራመዳል፣ የሸፈነው ርቀት ይለካል። በ400 ሜትር የሩጫ መም ስድስት ዙር የሮጠ 2,400 ሜትር ሸፈነ ማለት ነው። መም ከሌለ 200 ሜትር የሚሆን ዙሪያ በሜትር ለክቶ ችካል መትከል ነው። ርቀቱን ሰንጠረዥ ውስጥ አስገብቶ ሰውነት በደቂቃ ምን ያህል ኦክስጅን መጠቀም እንደሚችል ይገመታል። ቀላል ነው። ግን ሰንጠረዡ ላይ አንድ ነገር ልብ ይባልልኝ፣ በተለይ እኛ አገር።

ኩፐር የሰንጠረዡን ቀመር የሠራው በአሜሪካ አየር ኃይል ወንዶች ላይ ነው። ልጆች አልነበሩም፣ ደጋ ላይም አልነበሩም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። የመንዟ ከተማ መሐል ሜዳ ከ3,000 ሜትር ታልፋለች። ደብረ ብርሃን ላይ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚገባው ሰባ በመቶ ገደማ ነው። ከዚያው ተነስታችሁ በጣርማ በር አልፋችሁ፣ ደብረ ሲናን ወርዳችሁ ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ 1,300 ሜትር አካባቢ ላይ ናችሁ። አየሩ ወፍራም ነው፣ ሙቀቱ ግን ሌላ ፈተና ነው። በአንድ ዞን ውስጥ፣ በግማሽ ቀን መንገድ፣ ሁለት የተለያየ ዓለም አለን።

ይህ በሩጫ ላይ ምን እንደሚያደርግ ለማየት እ.ኤ.አ. ወደ 1968ቱ የሜክሲኮ ኦሊምፒክ መመለስ ይበቃል። ሜክሲኮ ሲቲ 2,240 ሜትር ላይ ናት፣ ከደብረ ብርሃን ታንሳለች። በ10,000 ሜትር የዓለም ክብረ ወሰን የአውስትራሊያዊው ሮን ክላርክ 27 ደቂቃ ከ39 ሰከንድ ነበር። ውድድሩን ያሸነፈው ኬንያዊው ናፍታሊ ቴሙ ግን 29 ደቂቃ ከ27 ሰከንድ ፈጀበት። ማሞ ወልዴ ሁለተኛ ወጣ። ክላርክ ስድስተኛ ሆኖ ገብቶ መስመሩ ላይ ወደቀ። ማሞ በዚያው ኦሊምፒክ ማራቶኑን አሸነፈ። ደጋ ላይ የተወለደ ሰው ከቀጭን አየር ጋር ይስማማል፣ ይህ እውነት ነው። ግን እሱም ቢሆን ረጅም ሩጫ ደጋ ላይ ሲሮጥ ቆላ ላይ ከሚሮጠው ይዘገያል።

ስለዚህ የመሐል ሜዳ ተማሪ 12 ደቂቃ ሮጦ የውጭ አገር ሰንጠረዥ «ደካማ» ቢለው ያ ፍርድ ትክክል አይደለም። የሸዋ ሮቢትን ልጅ ውጤት ከሱ ጋር ጎን ለጎን ማስቀመጥም አይገባም። ሰንጠረዡ ለመነሻ ይጠቅማል። ዳኛ ሊሆን ግን አይችልም። ትክክለኛው ንጽጽር ልጁ ጥቅምት ላይ ያመጣው ውጤት ግንቦት ላይ ካመጣው ጋር፣ በዚያው ሜዳ፣ በዚያው ሰዓት ሲሆን ነው።

ፈተናውን ውድድር ያደረጉት ሰዎች ምን እንደገጠማቸው ከአሜሪካ ታሪክ መማር ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ ሃንስ ክራውስ የተባለ ሐኪምና ሩት ሂርሽላንድ ስድስት ቀላል እንቅስቃሴ ያለው ፈተና ለአሜሪካና ለአውሮፓ ልጆች ሰጡ። አንዱ ጉልበትን ሳያጥፉ ጎንበስ ብሎ መሬት መንካት ነበር። ከአሜሪካ ልጆች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ቢያንስ አንዱን መሥራት አቃታቸው። ከአውሮፓ ልጆች ግን ያቃታቸው ከአሥር አንድ እንኳ አልሞሉም። አገሩ ደነገጠ። ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር በ1956 ለወጣቶች አካል ብቃት ምክር ቤት አቋቋሙ። እስከዚህ ጥሩ ነው። በ1966 ግን በፕሬዚዳንቱ ስም ሽልማት መጣ። ለመሸለም በሁሉም ዓይነት ከመቶ ተማሪ ሰማንያ አምስቱን መብለጥ ያስፈልግ ነበር። ትርጉሙን አስቡት፦ አብዛኛው ልጅ ከመጀመሪያው ተሸናፊ ነው። ክፍሉ ሁሉ እያየው ዘንግ ላይ ተንጠልጥሎ ክንዱ እየተንቀጠቀጠ የቀረ ልጅ ስፖርትን እንዴት ይወዳል? ይህ አሠራር ከ2012 በኋላ ቀርቶ ልጁን ከጤና መለኪያ ጋር ብቻ በሚያነጻጽር ተተካ። በ2025 ደግሞ ፕሬዚዳንት ትራምፕ የድሮው እንዲመለስ ትእዛዝ ፈርመዋል። ክርክሩ እዚያም አላለቀም።

እኔ የምመርጠው የስሎቬንያን መንገድ ነው። ይህች ትንሽ የአውሮፓ አገር እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምራ በየዓመቱ ተማሪዎቿን ትለካለች። ወላጅ ሲፈቅድ ልጁ ስምንት የብቃት ፈተናና ሦስት የሰውነት ልኬት ይወስዳል። ውጤቱ ከዓመት ዓመት እየተጻፈ አብሮት ያድጋል። ጥቅሙ በኮቪድ ጊዜ ታየ። ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ሲከፈቱ የልጆቹ ብቃት ምን ያህል እንደወረደ ወዲያው በቁጥር አወቁ፣ የት መሥራት እንዳለባቸውም አወቁ። እኛም ዘንድ በግጭቱ ሳቢያ ተዘግተው የከረሙ ትምህርት ቤቶች አሉ። ከወራት በኋላ ወደ ክፍል የተመለሰ ልጅ በሒሳብና በእንግሊዝኛ ምን እንደጎደለው እንጠይቃለን። ሰውነቱስ? ያንንም መጠየቅ አለብን፣ ለመጠየቅ ደግሞ አስቀድሞ የተጻፈ ነገር ሊኖር ይገባል።

አገራችን ውስጥ ጤናና ሰውነት ማጎልመሻ በሥርዓተ ትምህርቱ ያለ፣ ካርድ ላይ ውጤቱ የሚጻፍ ትምህርት ነው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ላይ ግን የለም። ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ፈተና ሲቃረብ የስፖርት ክፍለ ጊዜ ለፊዚክስ ማካካሻ ይሰጣል። ወይም መምህሩ ኳስ ወርውሮ ይሄዳል፣ አሥር ወንዶች ይጫወታሉ፣ ሴቶቹ ጥላ ሥር ተቀምጠው ጸጉር ይሠራሉ። ይህ ያሳዝነኛል። በሳምንት ያለችው ያቺ ጥቂት ደቂቃ ለብዙ ሴት ልጅ ብቸኛዋ የመሮጫ ጊዜ ናት። ቤት ስትመለስ ሥራ ይጠብቃታል።

ውጤት አሰጣጡም መታረም አለበት። ሩቅ ለሮጠ 90፣ ትንሽ ለሮጠ 50 መስጠት ተፈጥሮን መሸለም ነው። በምልልስ ሩጫው ከደረጃ ሦስት ወደ ደረጃ አምስት የወጣች ልጅ ደረጃ ስምንት ላይ ሆኖ እዚያው ስምንት ላይ ከቀረው ልጅ በላይ ሠርታለች። ማርኩ ይህን ማሳየት አለበት። የልብ ምቱን በእጁ አንጓ ላይ 15 ሰከንድ ቆጥሮ በአራት ማባዛት የሚችል፣ ለምን ሰውነት ማሟሟቅ እንደሚያስፈልግ ማስረዳት የሚችል ተማሪም ለዚያ ነጥብ ይገባዋል።

አንድ ነገር በጥብቅ መናገር እፈልጋለሁ። ማንም ልጅ ሳይጠየቅ ወደ ፈተና አይግባ። በተደጋጋሚ ቶንሲል የታመመ ልጅ የልብ ቫልቭ ሕመም ሊይዘው ይችላል፣ ይህ ደግሞ በኛ አገር ልጆች ላይ የሚታይ ነው። ሲሮጥ ደረቱን የሚያመው፣ ራሱን ስቶ ወድቆ የሚያውቅ፣ ከጓደኞቹ ተለይቶ ትንፋሽ የሚያጥረው ልጅ መጀመሪያ ሐኪም ይየው። አስም ያለበት መድኃኒቱን ይዞ ይምጣ። ቁርስ ሳይቀምስ የመጣን ልጅ አታስሩጡት፣ ጿሚ ከሆነም ሌላ ቀን ይሁንለት። ክብደት ክፍሉ ፊት ጮክ ተብሎ አይነበብ። የወር አበባ ላይ ያለች ልጅ ምክንያቷን በይፋ እንድትናገር አትገደድ፣ ቀን ይቀየርላት። ከቀሚስ ሥር ሱሪ መልበስም መፈቀድ አለበት። ጫማው የማይመች ልጅ ሣር ላይ ቢሮጥ ይሻላል። መሮጥ የማይችል አካል ጉዳተኛ ልጅ ደግሞ ኳስ በመወርወር፣ በክንድ ጉልበት፣ በሚችለው ይለካ እንጂ ዳር ቆሞ ተመልካች አይሁን።

ጊዜውን በተመለከተ መስከረም ላይ ሜዳው ጭቃ ነው። የመጀመሪያው ልኬት ጥቅምት አጋማሽ ላይ፣ ሁለተኛው ግንቦት ላይ ቢሆን ጥሩ ነው። ደብረ ብርሃንና መንዝ ላይ የጥቅምት ጠዋት ውርጭ ነውና ፀሐይ እስክትሞቅ፣ አራት ሰዓት አካባቢ ቢደረግ ይሻላል። ሸዋ ሮቢትና አጣዬ ላይ ደግሞ በተቃራኒው ሙቀቱ ሳይበረታ ሁለት ሰዓት ላይ ይጀመር። ከዚህ የሚወጣው ወረቀት አንድ ገጽ ነው፦ የልጁ ስም፣ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ አምስት ስድስት ቁጥር። አንዱ ቅጂ በትምህርት ቤቱ ፋይል ይቀመጥ፣ ሌላው ለወላጅ ይሰጥ። ልጁ ትምህርት ቤት ሲቀይርም ከካርዱ ጋር አብሮ ይሂድ።