ኮራሉ የነጣው መብራቱ ርካሽ ስለሆነ አይደለም

ትናንት ማታ ደግሞ ተደወለልኝ። «ኮራሎቼ እየነጡ ነው። መብራቴ ርካሽ ስለሆነ ብርሃን አንሷቸዋል። የትኛውን ውድ መብራት ልግዛ?»

የባሕር ውሃ አኳሪየም መትከልና መንከባከብ ሥራዬ ነው። ይህን ጥያቄ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት መቁጠር ካቆምኩ ቆየሁ። መልሴ ግን ያው ነው፦ ምንም አትግዛ። መጀመሪያ ያለህን መብራት ቀንሰው።

ሰው ይህን ሲሰማ ለአፍታ ዝም ይላል። ከዚያ «ልቀንሰው?» ይላል፣ የተሳሳትኩ መስሎት። አልተሳሳትኩም። ለምን እንደሆነ፣ ሰዎች የሚሉኝን አንድ በአንድ እያነሣሁ፣ አንዴ ቁጭ ብዬ በደንብ ልጻፈው።

«ርካሽ መብራት ደካማ ነው፤ ኮራል የሚነጣውም ብርሃን ሲያንሰው ነው»

እዚህ ላይ ረዘም አደርጋለሁ። በዚህ አንድ አስተሳሰብ ምክንያት ብዙ ኮራል ሲሞት አይቻለሁና።

ኮራል እንስሳ ነው። በሥጋው ውስጥ ግን ዞዛንቴሌ የሚባሉ ጥቃቅን አልጌዎች ይኖራሉ። አልጌዎቹ በብርሃን ምግብ ይሠራሉ፤ ኮራሉ ደግሞ ከዚያ ይካፈላል። ብዙ ኮራሎች ላይ የምታዩት ቡናማ መልክ የእነሱ ቀለም ነው።

ታዲያ ብርሃን ሲያንስ ምን ይሆናል? አብዛኛውን ጊዜ ኮራሉ አይነጣም። ይጠቁራል። አልጌዎቹ ያችን ያለችውን ብርሃን ለመያዝ ቀለማቸውን ያበዛሉ፤ ኮራሉም ቡናማ ይሆናል፣ እድገቱ ይዘገያል፣ አንዳንዱ ወደ ላይ ይንጠራራል። ደስ አይልም እንጂ በአንድ ሳምንት አይሞትም።

ብርሃን ሲበዛ ነው ጣጣው። አልጌዎቹ ከሚችሉት በላይ ብርሃን ሲወርድባቸው ኮራሉን የሚጎዱ የኦክስጅን ውህዶች ይፈጠራሉ። ኮራሉም አልጌዎቹን ያስወጣቸዋል። የሚቀረው ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ሥጋ ነው፤ ከሥሩ ያለው ነጭ አጽም ወለል ብሎ ይታያል። ነጣ የምንለው ይህንን ነው። የውሃው ሙቀት መጨመር፣ የጨው መጠን መዋዠቅ፣ በውሃው ውስጥ ያሉት ንጥረ ምግቦች፣ የናይትሬትና የፎስፌት፣ ጨርሶ መጥፋትም ያነጣሉ። እነዚህ ሁሉ ደህና ሆነው ከነጣ ግን ቀና ብላችሁ መብራቱን እዩ።

ርካሹ የኤልኢዲ ሳጥን ደግሞ ደካማ አይደለም። እንዲያውም ችግሩ ኃይለኛነቱ ነው። ትንንሽ ባለ 3 ዋት መብራቶች ተደርድረው፣ እያንዳንዳቸው ላይ ብርሃኑን ወደ ታች የሚሰበስብ ሌንስ ተገጥሞባቸው ይመጣል። ሌንሱ ባለ 60 ወይም ባለ 90 ዲግሪ ከሆነ መሀል ላይ ያለው ኮራል ይጠበሳል፤ ጥግ ላይ ያለው ደግሞ ጨለማ ውስጥ ይቀመጣል። ባለቤቱ ያንን ጨለማ ጥግ አይቶ «ደካማ ነው» ይላል፣ ከዚያም ቁልፉን እስከ መጨረሻው ያዞረዋል።

አንድ ደንበኛዬ ጋ የሆነውን ልንገራችሁ። ሁለተኛ መብራት ሊገዛ ገንዘቡን አዘጋጅቶ ነው የጠራኝ። ገንዳው ውስጥ ጎንበስ ብዬ ዩፊሊያውን (ረጃጅም ክንዶች ያሉት የኮራል ዓይነት ነው) አየሁት። ወደ መብራቱ ያለው ጎኑ እንደ ኖራ ነጭ ሆኗል፣ ክንዶቹንም ሰብስቧል። በድንጋዩ ጥላ ሥር ያለው ግማሽ አካሉ ግን ቡናማ ነው፤ ክንዶቹም እንደ ልባቸው ይወዛወዛሉ። አንድ ኮራል፣ አንድ ውሃ፣ አንድ ሙቀት፤ ልዩነቱ ብርሃኑ ብቻ ነው። የነጣው ጎን ብርሃን የደረሰው ከሆነ ብርሃን አነሰው ማለት እንዴት ይቻላል?

መለኪያውን አስገባሁ። ለኮራል የሚጠቅመው ብርሃን ፓር በሚባል ይለካል። ፓር የሞገድ ርዝመቱ በ400 እና በ700 ናኖሜትር መካከል ያለ፣ ለብርሃን አስተጻምሮ የሚውል ብርሃን ነው፤ መሣሪያው በአንድ ካሬ ሜትር ላይ በየሰከንዱ ስንት ማይክሮሞል ፎቶን እንደሚያርፍ ያነባል። ዩፊሊያው ያለበት ቦታ 430 አነበበ። ጥጉ ላይ 60። ለእንጉዳይ ኮራል፣ ለዞአንቲድና ለቆዳ ኮራል ከ50 እስከ 150 ይበቃል። ዩፊሊያና መሰሎቹም ከዚያ ብዙ አይርቁም። ብርሃን ወዳዱ አክሮፖራ እንኳ ከ200 እስከ 350 ባለው ውስጥ ደህና አድርጎ ያድጋል። ያ ምስኪን ዩፊሊያ ከሚያስፈልገው ሦስት እጥፍ እየተቀበለ ነበር።

መብራቱን ከውሃው 30 ሴንቲሜትር ያህል ከፍ አድርገን ሰቀልነው። ሰማያዊውና ነጩ ብርሃን ለየብቻ ስለሚስተካከሉ፣ ሰማያዊውን 35 በመቶ፣ ነጩን 10 በመቶ ላይ አደረግነው። ሁለተኛው ወር ላይ ነጩ ጎን ቡናማ ጥላ ይዞ ነበር። ሁለተኛው መብራት አልተገዛም።

«የጎረቤቴ ውድ መብራት ግን ኮራሉን ምንም አላደረገውም» የሚሉኝ አሉ። ልክ ነው፣ ላያደርግ ይችላል። በውድ መብራት የሚገዛው የብርሃኑ ስርጭት፣ ድምፅ የሌለው ማራገቢያ፣ በስልክ የሚታዘዝ ሰዓት፣ ዋስትናና መለዋወጫ ነው። ብዙዎቹ ቀስ በቀስ የሚጨምር ፕሮግራምም አብሮ ይመጣላቸዋል። እነዚህ ሁሉ ጥሩ ነገሮች ናቸው፤ ገንዘብ ያለው ቢገዛ አልከለክልም። ግን ኮራሉ ላይ የሚያርፈው ብርሃን ያው ብርሃን ነው። ስርጭቱን መብራቱን ከፍ በማድረግ፣ ወይም ሌንሱን በባለ 120 ዲግሪ በመቀየር ታሻሽሉታላችሁ። ቀስ በቀስ መጨመሩን ደግሞ በእጃችሁ ትሠሩታላችሁ።

እንዲህ አድርጉ። አዲስ መብራት ስትሰቅሉ ሰማያዊውን ከ20 እስከ 25 በመቶ፣ ነጩን 5 በመቶ ላይ ጀምሩ። በየሳምንቱ 5 በመቶ ጨምሩ። ኮራሉ መገርጣት ከጀመረ ወደ ባለፈው ሳምንት ተመለሱና ሁለት ሳምንት ጠብቁ። ጠቆር ካለና ከተንጠራራ ጨምሩለት። አዲስ የመጣ ኮራል መጀመሪያ አሸዋው ላይ ይቀመጥ፤ ከዚያ ወደሚፈለገው ቦታ በደረጃ ይውጣ። በየእሑዱ በተመሳሳይ ሰዓት፣ በአንድ ዓይነት ብርሃን ፎቶ አንሱት፤ በየቀኑ የሚያይ ዓይን ለውጡን አይይዘውም። መለኪያውን መግዛት አያስፈልግም። ውድ ነው፣ በዓመት አንዴ ሁለቴ ነው የሚያስፈልገው፤ ካለው ሰው ተዋሱ ወይም ተከራዩ። እኔ መብራት ለመቀየር የተዘጋጀውን ገንዘብ ለዚህ ኪራይ አውሉት ብዬ ነው የምለምነው።

«ዋቱ ትልቅ ስለሆነ ይበቃል»

ዋት መብራቱ የሚበላው ነው፤ የሚሰጠው አይደለም። «በዚህን ያህል ውሃ ይህን ያህል ዋት» የሚለው ስሌት የመጣው ከፍሎረሰንት ዘመን ነው። ያኔ ቱቦዎቹ ሁሉ ስለሚመሳሰሉ ስሌቱ ያስኬድ ነበር። ኤልኢዲ ላይ አይሠራም።

በዚያ ላይ ሳጥኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር ብዙ ጊዜ እውነት አይደለም። 55 መብራቶች በ3 ዋት ሲባዙ 165 ይመጣል፤ ሳጥኑም 165 ይላል። እኔ ሶኬት ላይ መለኪያ ሰክቼ ያየሁት አንዱ የሚስበው 112 ዋት ነበር። ይህ ግን ለገዢው መልካም ዜና ነው። መብራቶቹ ከአቅማቸው በታች ሲሠሩ ብዙም አይሞቁም፣ ዕድሜያቸውም ይረዝማል። ቁጥሩን አይታችሁ አትግዙ፤ ቁጥሩን አይታችሁም አትሽሹ።

«በዓይኔ ሳየው ደማቅ ነው»

ዓይናችሁን ለዚህ ሥራ አትመኑት። የሰው ዓይን በብርሃን ጊዜ በጣም የሚያየው 555 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን አረንጓዴ ነው። የድምቀት መለኪያው ሉመን የተሠራውም በዓይን ልክ ነው። 1 ዋት ንጹሕ አረንጓዴ ብርሃን 683 ሉመን ይሆናል። ያው 1 ዋት 450 ናኖሜትር ላይ ያለ ሰማያዊ ሲሆን 30 ሉመን እንኳ አይሞላም።

ዞዛንቴሌዎቹ ግን በደንብ የሚጠቀሙት ያንን ሰማያዊ ነው። ምክንያቱም ውሃ ቀዩን ብርሃን ከላይ ከላይ ውጦ ያስቀረዋል፤ ወደ ታች ዘልቆ የሚደርሰው ሰማያዊው ነው። እነሱ የኖሩት በዚያ ብርሃን ነው። ስለዚህ ለእኛ ደብዘዝ ያለ የሚመስለን ሰማያዊ ብርሃን ለኮራሉ ኃይለኛ ሊሆን ይችላል። «ሰማያዊው ምንም አያበራም» ብላችሁ 100 በመቶ የምታደርጉት ለዚህ ነው፤ የምትጎዱትም በዚሁ ነው።

በስልክ የሚሠራው የሉክስ (የድምቀት) መለኪያስ? ፓርን አያሳያችሁም። መሀሉንና ጥጉን ለማነጻጸር ግን ይጠቅማል፤ ለዚያ ብቻ ተጠቀሙበት።

«በሰማያዊ ብርሃን ሲያንጸባርቅ ጤነኛ ነው»

ኮራሉ ውስጥ ሰማያዊ ብርሃን ተቀብለው አረንጓዴ ወይም ቀይ አድርገው የሚመልሱ ፕሮቲኖች አሉ። የመጀመሪያው የዚህ ዓይነት አረንጓዴ ፕሮቲን የተገኘው በ1962 ከጄሊፊሽ ነው። በ2008 የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት የተሰጠውም ለዚሁ ፕሮቲን ሥራ ነው። ፕሮቲኖቹ አልጌዎቹ ከወጡ በኋላም ማንጸባረቅ ይችላሉ። አንዳንድ ኮራል እየነጣ ሳለ ከወትሮው ይልቅ ይደምቃል። በደማቅ አረንጓዴ ሲያበራ አይታችሁ ደስ ካላችሁ ነጩን መብራት ለአምስት ደቂቃ አብሩና እንደገና እዩት። ትክክለኛ መልኩን የምታውቁት ያኔ ነው።

ጥቂት አጫጭር ደግሞ

«20,000 ኬልቪን ካልሆነ ኮራል አያድግም።» ያድጋል። ኬልቪን የብርሃኑን መልክ እንጂ መጠኑን አይናገርም።

«ነጭ መብራት አልጌ ያመጣል።» መስታወቱ ላይ የሚወጣውን አልጌ የሚመግበው ናይትሬትና ፎስፌት ነው። ምግብ ቀንሱ፣ ውሃ ቀይሩ።

«መብራቱ ደካማ ከሆነ ሰዓቱን አረዝማለሁ።» በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት ማብራት ይበቃል። ታይመር ርካሽ ነው፤ ግዙ።

«ሌሊት የጨረቃ መብራት ያስፈልጋቸዋል።» ለእናንተ ማያ ነው። ጨለማ ስጧቸው፤ ዓሦቹም ይረፉ።

«የፀሐይ ኮራል ብዙ ብርሃን ይፈልጋል።» ምንም አይፈልግም። ዞዛንቴሌ የለውም፤ ስሙን ያገኘው በመልኩ ነው። የሚሞተው በረሃብ ነው፤ በእጅ መመገብ አለበት።

«ያገለገለ መብራት አይገዛም።» ለምን አይገዛም? ሁሉንም ቀለሞች አብርታችሁ እዩ፣ ማራገቢያውን ስሙ፣ ብሎኖቹ ዝገው እንደሆነ ተመልከቱ። ያገለገለ የቲ5 (ቀጭን ቱቦ) ፍሎረሰንትም ስርጭቱ በጣም ጥሩ ነው፤ አምፖሎቹን ግን በየዓመቱ ገደማ መቀየር እንዳለባችሁ ከወዲሁ አስሉ።

«50,000 ሰዓት ይሠራል ተብሎ ተጽፎበታል»

በቀን 10 ሰዓት ብናበራው ከ13 ዓመት በላይ ማለት ነው። ይህ ቁጥር ግን የትንንሾቹ የኤልኢዲ መብራቶች ነው፤ የማራገቢያውና ኤሌክትሪኩን ለመብራቱ የሚያመቻቸው የኃይል ሳጥን አይደለም። ቀድመው የሚበላሹት እነዚህ ሁለቱ ናቸው። ማራገቢያው ሲቆም ሙቀቱ መብራቶቹን ይገድላል። ርካሽ ስትገዙ ማራገቢያው በቀላሉ የሚፈታና በገበያ የሚገኝ መሆኑን እዩ።

ርካሽነት እኔንም የሚያስፈራኝ አንድ ቦታ ላይ ነው፦ ኤሌክትሪኩ ላይ። ጨው ውሃና ደካማ የኃይል ሳጥን አይስማሙም። የኃይል ሳጥኑን ከገንዳው በላይ አታስቀምጡ። ኤሌክትሪክ ሲያፈተልክ የሚቆርጥ መቆጣጠሪያ አስገጥሙ። ገመዱ ሶኬቱ ጋ ከመድረሱ በፊት ከሶኬቱ በታች ወርዶ ተመልሶ ይውጣ፤ በገመዱ የሚወርድ ውሃ እታችኛው እጥፋት ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ሶኬት ውስጥ አይገባም።

ሌንሱንም ጥረጉ። ከውሃው የሚረጨው ጨው ደርቆ ይለጠፍበታል። ባለፈው አንድ ገንዳ ላይ 180 የነበረው ንባብ 120 ወርዶ አገኘሁት። ባለቤቱ መብራቱ አረጀ ብሎ ነበር። አጥፍተን፣ እስኪቀዘቅዝ ጠብቀን፣ በንጹሕ ውሃ በረጠበ ጨርቅ ስንጠርገው ወደ 175 ተመለሰ። ለወራት ያልተጠረገ ከሆነ ግን ከጠረጋችሁ በኋላ ወዲያው በድሮው መጠን አታብሩት። ኮራሎቹ ደብዛዛውን ለምደውታል። አንድ ሦስተኛ ያህል ቀንሱና በየሳምንቱ 5 በመቶ እየጨመራችሁ መልሱት።