ለመጠጥ የሚሰጥ የርቀት ቴራፒ ምንድን ነው?

የማታው ኪኒን ሰዓት ደርሷል። ሰውየው ግን ሁለት ቢራ ጠጥቷል። «መድኃኒትና መጠጥ አብሮ አይሄድም» ሲባል ሰምቷል፤ ስለዚህ ኪኒኑን ለዛሬ ይተወዋል። ነገም እንደዚያው።

ኤች አይ ቪ በደሙ ላለ ሰው ይህ ትልቅ አደጋ ነው። መጠጥ ጉበት ይጎዳል፣ ሰዓት ያስረሳል። ኪኒን ሲዘለል ደግሞ ቫይረሱ እንደገና ይራባል፤ መድኃኒቱንም ሊለምድ ይችላል። ስለዚህ የጠጣ ሰውም ቢሆን ኪኒኑን በሰዓቱ ይዋጥ። ይህን ደግሜ ደጋግሜ ብናገር አይሰለቸኝም።

የርቀት ቴራፒ ማለት ከሰለጠነ አማካሪ ጋር በስልክ፣ በቪዲዮ ወይም በጽሑፍ መልእክት የሚደረግ ምክክር ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በጥያቄ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው «ኦዲት» የሚባል መመዘኛ 10 ጥያቄዎች አሉት፤ ከጠቅላላው 40 ነጥብ ውስጥ 8 ወይም ከዚያ በላይ ያገኘ ሰው አጠጣጡ ያሰጋል ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ጭውውት ነው። አማካሪው አይቆጣም፣ አይሰብክም።

«መጠጥ የሚያምርህ መቼ መቼ ነው?»

«ከሥራ ወጥቼ ብቻዬን ቤት ስገባ።»

«ታዲያ ያቺን ሰዓት በምን ብናሳልፋት ይሻላል?»

መልሱን የሚያመጣው ራሱ ሰውየው ነው። ይህን አካሄድ ዊልያም ሚለር የተባለው የሥነ ልቦና ባለሙያ በ1983 እ.ኤ.አ. ጽፎ አስተዋወቀው፤ በስልክም ይሠራል።

ለምን በርቀት? ብዙ ሰው መድኃኒቱን ለምትሰጠው ነርስ «እጠጣለሁ» ማለት ይከብደዋል። ትቆጣኛለች ብሎ ይፈራል። በቫይረሱ ምክንያት አንዴ የተገለለ ሰው «ሰካራም» የሚል ስም ሊጨመርበት አይፈልግም። ፊት ለፊት ያልወጣው ቃል በስልክ ሊወጣ ይችላል። የትራንስፖርት ወጪውም ይቀራል።

ግን ስልኩ የጋራ ቢሆንስ? ጥሩ አማካሪ ይህን አስቀድሞ ይጠይቃል። መልእክቱ ላይ «ኤች አይ ቪ» ወይም «መጠጥ» የሚል ቃል አይጽፍም፤ «ዛሬ 12 ሰዓት እንደዋወል?» ይበቃል። ሰው ድንገት ክፍሉ ውስጥ ቢገባ የሚሉትን ቃልም አስቀድመው ይስማማሉ።

በየቀኑ አብዝቶ የሚጠጣ ሰው ግን በስልክ ምክር ብቻ በአንዴ ላቁም ማለት የለበትም። እጁ ሊንቀጠቀጥ፣ ሊቃዥ፣ ሰውነቱን አንዘፍዝፎ ሊጥለው ይችላል፤ ለሕይወትም ያሰጋል። እንዲህ ያለውን ሰው አማካሪው ወደ ሐኪም ይልከዋል፤ መጠጡንም የሚያቆመው በሐኪም ክትትል ነው። ስልኩ ከዚያ በኋላ ይቀጥላል።